የምሕረትን ሥራ ለማስመለስ ወላይታ ድረስ

ሰኞ

መኪና የሚያመኝ ሰው ነኝ። ቀድሜ የምናገረው ስለ መንገዱ ውበት ከእኔ ብዙ እንዳትጠብቁ ነው። ቡታጅራን ፌስታል ላይ አቀርቅሬ አለፍኳት፤ ሆሳዕናን ዓይኔን ጨፍኜ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሩክሳና ሎሚ እየቆረጠች አፍንጫዬ ሥር ትይዝልኛለች። እሷ እቴ፣ ከባንግላዴሽ ድረስ በርራ መጥታ ፊቷ እንኳ አልተለወጠም።

ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ላሉት የድሮ የፈትል ክፍል ጓደኞቼ ነው። እነሱ ወላይታን አያዩም፤ ኑሯቸው ከፈረቃ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ፈረቃ ነው። “ሰዓዳ አዲስ አበባ ማኅበር ቢሮ ገብታ አገር ለአገር ትንሸራሸራለች” እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። እንግዲያው የተንሸራሸርኩትን ይስሙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሕረት የምትባል የወላይታ ልጅ አዲስ አበባ አጠገብ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ክርክሩ ስላላለቀ የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ልብስ ላይ ቁልፍ የሚመታው ማሽን የእጅ መከላከያ ነበረው፤ “ሥራ ያዘገያል” ተብሎ ተነቀለ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ የምሕረትን ቀኝ እጅ ያዘ። ጣቶቿ ዛሬም አይታጠፉም። ከሐኪም ቤት ስትመለስ “ለሥራው ብቁ አይደለሽም” ብለው አሰናበቷት።

እዚህ ላይ የኛ የሠራተኞች ማኅበር ገባ። ልብሱን የሚገዛው የውጭ ኩባንያ ከዓለም አቀፍ የሠራተኞች ማኅበራት ጋር የፈረመው ስምምነት አለ። ሠራተኛ ተጎድቶ ከተባረረ ገዢው፣ ፋብሪካውና ማኅበራቱ አንድ ላይ ተቀምጠው አቤቱታውን ይሰማሉ። ሩክሳናም የመጣችው ለዚሁ ነው። ራሷ ልብስ ሰፊ ሆና የኖረች፣ አሁን የአገሯን ሰፊዎች ማኅበር የምትመራ ሴት ናት። ስብሰባው ባለጉዳይዋ ባለችበት አካባቢ ይሁን ብለን ተሟግተን ሐሙስ ሶዶ ላይ ተቆረጠ። ምሕረት ራሷ ቀርባ ካልተናገረች ግን ጉዳዩ ይዘጋል። ምሕረት ደግሞ አገሯ ገብታ ስልኳን አጥፍታለች። እኔና ሩክሳና ያለን ጊዜ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው።

ሶዶ የደረስነው ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ላይ ነው። ከተማዋ የዳሞታን ተራራ ተደግፋ ቁልቁል ተዘርግታለች። ኮምቦልቻ ተራሮች መሃል ጎድጓዳ ላይ ስለሆነች እኛ ቀና ብለን ነው አገር የምናየው፤ እዚህ ግን ወደ ታች ነው የሚታየው። መናኸሪያ የተቀበለችን ማርታ ትባላለች። መምህርት ናት፤ በመምህራን ማኅበር ሥራ በስልክ እንተዋወቃለን። ሆቴል ስላት ተቆጣች። “እኔ ቤት እያለኝ ሆቴል? ሰው ምን ይለኛል? ግቡ!”

ገባን። ጠረጴዛው ላይ ቀይ፣ ለጋ ቁርጥ ሥጋ ተደርድሯል። ወላይታ በሥጋው ታዋቂ ነው፤ ማርታም ለእንግዳ የሚገባውን ነው ያደረገችው። እኔና ሩክሳና ተያየን። በኛ በወሎ ሠርግ ሲደገስ የእስላሙም የክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፤ እንግዳው ሳይጠይቅ ባለቤቱ “የናንተ በዚህ ነው” ብሎ ይመራል። ስለዚህ ለማርታ መናገር እንዳለብኝ እንኳ አልታሰበኝም ነበር። ወላሂ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማርታ ወዲያው ገባት። “ውይ በጌታ! ስምሽ ሰዓዳ መሆኑን እያወቅኩ!” ብላ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ቀጥላ ሳቀች፤ እኛም ተከተልናት። ሥጋውን ለጎረቤት ላከችና የተቀቀለ ጎደሬ፣ እነሱ ቦይና የሚሉትን፣ ከአይብና ከዳጣ ጋር አቀረበች። ዳጣ ከቃሪያ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት የሚፈጭ ማባያ ነው። እኔ የወሎ ልጅ ሆኜ በርበሬ አያስፈራኝም ብዬ ዛቅ አደረግሁና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሩክሳና ግን ጎደሬውን ስታይ ፊቷ በራ። እናቷ በየቀኑ የምትሠራው ምግብ ነው አሉ! ዳጣውን በጣቷ ጠርጋ ጨረሰችው።

ማክሰኞ

ወደ ቤሌ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ “ሞላ” የሚባለው ሰው ጭን ላይ ሰው ሲቀመጥ ነው። በዚህ በኩል አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ማርታ ፈቃድ ወስዳ አብራን መጣች፤ እሷ ባትኖር ማን ያስተረጉምልን ነበር? ከተማ ውስጥ ሁሉም አማርኛ ይመልስልሻል፤ ገጠሩ ግን በወላይትኛ ነው የሚኖረው።

ቤሌ ከመድረሳችን በፊት ወረድንና ወደ ምሕረት መንደር በባጃጅ መውጣት ጀመርን። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር ባጃጇ መሃል መንገድ ላይ ጭቃ ዋጣት። ዝንጅብል ጭነው የሚወርዱ ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው ገፉን። ወርጄ ልግፋ ስል ቀኝ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው ቢፈልጉም ሊያገኙት አልቻሉም። መንገድ ዳር ቤቷ የሆነ አንዲት ሴት ነጠላ ጫማ ይዛልኝ ወጣች። ማን እንደሆንኩ፣ ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም። “ገላታይስ” አልኳት፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። በአነጋገሬ በሳቅ ሞተች።

የምሕረት ቤት በእንሰት ተክል ተከቧል። ለማታውቁት፣ እንሰት ሙዝ የሚመስል ግን ፍሬው የማይበላ፣ ግንዱና ሥሩ የሚበላ ተክል ነው፤ ወላይታዎች ኡታ ይሉታል። እናቷ ወይዘሮ አማረች “ሳሮ፣ ሳሮ” እያሉ አቅፈው ሳሙን። ምሕረት ከኋላቸው ቆማለች። ቀጠን ያለች፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች ልጅ። ነጠላዋን ቀኝ እጇ ላይ አጣፍታ ግራዋን ሰጠችን።

ከተመገብን በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። አማርኛዋን የተማረችው ፋብሪካ ነው።

“እትዬ ሰዓዳ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ስለ እኔ መጣችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እኔ አልናገርም። ታሪኳ እዚያው ናት።”

ታሪኳ ታናሽ እህቷ ናት፤ እዚያው ፋብሪካ ትሠራለች።

“እኔ ስናገር እሷን ያባርራሉ። የዚህ ቤት ዘይትና ጨው በእሷ ነው።”

“ስምምነቱ እኮ በቀልን ይከለክላል!” አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሏል።

“ወረቀቱ ይከለክላል” አለች ምሕረት። “ሱፐርቫይዘሩ ግን ወረቀት አያነብም።”

ተናደድኩ። በእሷ ሳይሆን በእውነቷ። ሩክሳና፣ ምሕረት ምን አለች ብላ ጠይቃኝ በፋብሪካ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። “የኛም ሱፐርቫይዘሮች አያነቡም” አለች።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አማረች በማርታ በኩል ተናገሩ፦ “ነገ የኡታ ሥራ አለብኝ፣ ሴቶቹ ይመጣሉ። እናንተስ ትሠራላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ?” ተስፋ ቆርጬ ልሄድ ነበር እኮ። ሩክሳና ግን ሲተረጎምላት እጅጌዋን ሰበሰበች። በቃ፣ አደርን። ያለውን አንድ አልጋ ለእኔና ለሩክሳና ለቀው እነሱ መሬት ላይ ተኙ። እምቢ ብንል ማን ሊሰማን!

ረቡዕ

እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው፤ ወንድ አይጠጋም። ሥራው እንደኛ ደቦ በመረዳዳት ነው፤ እነሱ ዳጉዋ ይሉታል። ዛሬ በእኔ ጓሮ ከሠራሽ ነገ በአንቺ ጓሮ እሠራለሁ። በሰው ጓሮ ሳይሠራ ሰው የሚጠራ የለም፤ ቢጠራም ማንም አይመጣለትም። ለካ ወይዘሮ አማረች “ትሠራላችሁ?” ያሉን ለዚህ ነው። እኛ ልጃቸውን ልንጠራ ነው የመጣነው፤ በጓሯቸው ግን ገና ምንም አልሠራንም።

ሴቶቹ በማለዳ መጡ። ጣውላ አጋድመው ይቀመጣሉ፤ ከግንዱ የተላጠውን ቅርፊት ጣውላው ላይ አድርገው በአንድ እግራቸው ወጥረው ይይዙና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁታል። ነጩ ምግብ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። እኔ እግሬን ላነሳ ስል በጀርባዬ ተዘረርኩ። ሳቁ እስከ ቤሌ ሳይሰማ አልቀረም። ሩክሳና እየዋለች ለመደችው። እኔ ግን “አንቺ ውሃ አምጪ” ተባልኩ፤ የማኅበር መሪነቴ እዚህ ድረስ ነው።

ምሕረትን ሥራውን የምታከፋፍለው ባልቴት ጠራቻት። ቀርከሃ ጨብጣ መፋቅ አትችልም። ሴትየዋ ግን እጇን አየት አድርጋ “አንቺ ጉድጓዱን” አለቻት፣ ወደ ሌላ ሥራ አለፈች። አለቀ። ምሕረት የተፋቀው እስኪቦካ የሚቀበርበትን ጉድጓድ በእንሰት ቅጠል ታለብሳለች፤ በግራ እጇ ትዘረጋለች፣ በክርኗ ትደፈድፋለች፣ በእግሯ ትረግጣለች። ሥራው ቀልድ አይደለም። ቅጠሉ ከተከፈተ አየር ይገባና የሁሉም ልፋት ይበሰብሳል። በኛ አገር ደቦ ውስጥ እጁ የተጎዳ ሰው ምትክ ይልካል። እዚህ ግን ልጅቷ ሳትቀር ሥራዋ ተቀየረላት።

ሩክሳና ቀርከሃዋን አስቀመጠች። “ሰዓዳ፣ እጇን እዪ።”

“አይቻለሁ፤ ክፉኛ ነው የተጎዳው።”

“እሱን አይደለም የምልሽ። ዛሬ አልሸፈነችውም።”

እውነቷን ነው። ነጠላው አጥር ላይ ተሰቅሏል።

ለምሳ ስናርፍ አጠገቧ ተቀመጥኩ። “ምሕረት፣ ካሣሽን ብቻ እንኳ…” ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

“ሁላችሁም ካሣ ካሣ ትላላችሁ። እኔ የምፈልገው ሥራዬን ነው። እዚህ ሥራ አልጠፋልኝም፣ እዚያ እንዴት ይጠፋል? የተሰፋ ልብስ ደህና መሆኑን የምታይ ልጅ በዓይኗ ነው የምታየው። ለምን እዚያ አላስቀመጡኝም? ማንም አልጠየቀኝም።”

እኔም አልጠየቅኳትም ነበር። አቤቱታውን ካሣ ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ከሴቶቹ መካከል ሁለቱ እዚያው ፋብሪካ ሠርተው የተመለሱ ናቸው፤ አንዷ ስታረግዝ፣ አንዷ ሥራ ላይ ስትወድቅ ነው የተባረሩት። ነፍሰ ጡር የነበረችው፣ ልጇን ጡት እያጠባች፣ “ምሕረት፣ ለብቻሽ ለምን ትሄጃለሽ? ለብቻው ኡታ የሚፍቅ ሰው አይተሻል?” አለቻት። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ማርታ መተርጎሙ አቃታት።

“ታሪኳን ልጠይቅ” አለች ምሕረት በመጨረሻ። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። በማርታ ስልክ ደወልን፤ ታሪኳ ምሳ ላይ ነበረች። ምሕረት ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። በወላይትኛ ነው የተነጋገሩት፤ ማርታ ጆሮዬ ላይ ትነግረኛለች።

“እኔ ብናገር አንቺን ያባርሩሻል” አለች ምሕረት።

ከዚያ ታሪኳ፣ “አንቺ ዝም ስትይ እኔ የተረፍኩ መስሎሻል?” አለች። “ከሄድሽ ጀምሮ እዚያ ማሽን ላይ ያስቀመጡት እኔን ነው። መከላከያውን አልመለሱትም። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ሂጂና ተናገሪ። የኔንም ስም ተናገሪ።”

ምሕረት ስልኩን ለማርታ መለሰች። አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ምን ይደበቃል። እሷ ቁልቁል ወርዳ ጉድጓዷ ጋ ተመለሰች፤ የጀመረችውን ቅጠል ማልበስ ቀጠለች። ስትጨርስ እጇን ታጠበችና “ነገ በስንት ሰዓት ነው?” አለችኝ።

ሐሙስ

በማለዳ አንድ አይሱዙ ለምነን ሴቶቹ ሁሉ ተጫኑ። ወይዘሮ አማረች ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሶዶ ስንደርስ የአዳራሹ ጥበቃ “የተፈቀደው ለባለጉዳይ ብቻ ነው” ብሎ ከለከለን። ወይዘሮ አማረች በወላይትኛ አንድ ነገር አሉት። ምን እንዳሉት ማርታ ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ በሩ ግን ተከፈተ።

ከጠረጴዛው ወዲያ የገዢው ኩባንያ ተወካይና የፋብሪካው ሰው፣ ወዲህ እኛ። ሴቶቹ ከኋላችን ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። የገዢው ተወካይ ጨዋ ሰው ነው፤ በትህትና፣ በአስተርጓሚ፣ ምሕረት ካሣ ተቀብላ ጉዳዩ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። የፋብሪካው ሰው ቶሎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከሦስት ቀን በፊት ቢሆን እኔም እነቀንቅ ነበር።

ምሕረት ተነሳች። በወላይትኛ ተናገረች፤ ማርታ እየተከተለች ተረጎመች። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የሠራችበትን ክፍል ተናገረች። ማሽኑ እንዴት እንደያዛት ተናገረች። “ዛሬ እህቴ ታሪኳ እዚያው ማሽን ላይ ናት፤ መከላከያው አሁንም የለም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መከላከያው ሳይመለስ ያ ማሽን አይሥራ። ሁለተኛ፣ ሥራዬን መልሱልኝ።”

የፋብሪካው ሰው ፈገግ አለ። “እህቴ፣ እናዝናለን። ግን በዚያ እጅ ምን ልትሠሪ ነው?”

ምሕረት ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰውየው ፊት አኖረችው። አሁን በአማርኛ ነበር የተናገረችው።

“ይሄን እጅ ይዤ እናንተ ጋ ስገባ ደህና ነበር። ምን እንደሚሠራ እናንተ ፈልጉለት።”

ሰውየው ብዕሩን ከፈተ፣ ዘጋ። ሩክሳና ወደ ገዢው ተወካይ ዞረች። “የእናንተ ልብስ በእኛም አገር ይሰፋል። ይቺን ልጅ ዝም ካሰኛችሁ ነገ እኛንም ‘እነዚያ ዝም ብለዋል’ ልትሉን ነው። ስለዚህ እኔም አልነሳም” አለችው። ሴቶቹ እንግሊዝኛውን ባይሰሙም ድምፁን ሰምተው “ኧኸ!” አሉ።

እረፍት ተባለ፣ ስልክ ተደወለ፣ እንደገና ገባን፣ እንደገና ተጨቃጨቅን። እኔም ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ ጠረጴዛም ሳልመታ አልቀረሁም። ከሰዓት በኋላ ተፈረመ። መከላከያው እስኪገጠም ያ ማሽን ይቆማል፤ ማኅበራችን ገብቶ ያያል። ምሕረት በጥራት መቆጣጠሪያ ክፍል ሥራዋን ትጀምራለች። ታሪኳን የነካ ሰው ስምምነቱን አፍርሷል። ስለ ካሣው ክርክሩ ቀጥሏል፤ ያባረሯቸው የሁለቱ ሴቶች ጉዳይም አሁን ነው የሚጀመረው። የትም አንሄድም።

ዓርብ

ሴቶቹ ወደ ቤሌ፣ እኛ ከምሕረት ጋር ወደ አዲስ አበባ። ወይዘሮ አማረች ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ሰጧትና “ታሪኳም ትብላ” አሉ። እኔን ደግሞ “አሁን ብትጠሪን እንመጣለን” ብለው መረቁኝ። ማርታ ለሩክሳና ዳጣ በጠርሙስ ሞልታ ሰጠቻት፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳይፈስ ብለን ስንጠቀልል አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነበር። እኔ ከወላይታ ስመለስ ስለ ተራራው የማወራው ትንሽ ነው፤ ስለ ሰዉ ግን አውርቼ አልጠግብም።

በመንገድ ላይ ምሕረትን እንዳትፈራ ብዬ አብሽሪ ስላት “አልፈራሁም፤ እየተለማመድኩ ነው” አለችኝ። በግራ እጇ የሸሚዜን ስፌት ጫፍ ይዛ እየመረመረች ነበር። ብብቴ ሥር የተተረተረ ቦታ አገኘችብኝ።

ሩክሳና አገሯ ገባች። እኔ ግን ቢሮ አልገባሁም፤ በቀጣዩ ሰኞ ማለዳ ፋብሪካው በር ላይ ነበርኩ። ማታ ማታ ሲያስቡት ወረቀት ላይ የተፈረመ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ጠዋት በር ላይ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ሠራተኞቹ በሰልፍ ይገባሉ። ምሕረትና ታሪኳ ጎን ለጎን መጡ። ታሪኳን ጥበቃው በመታወቂያዋ አሳለፋት። ምሕረትን አስቆማት፤ ፊቷ ጠፍቶበት ነበር መሰለኝ፣ ከእግር እስከ ራሷ አያት።

“ማንን ፈልገሽ ነው?”

“ማንንም” አለችው። “ሥራ ልገባ ነው።”